ይግባኝ የማይባልበት ትዕዛዝ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንዲሁም ሕግ ሳትማሩ ለመስማት ብቻ የመጣችሁ ወገኖቼ፣

ዛሬ የምናገረው ብዙ ሰው ስለማይወደው የሕግ ክፍል፣ ስለ ሥነ ሥርዓት ነው። ከሥነ ሥርዓትም ውስጥ ስለ አንድ ጠባብ ጉዳይ። በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት የፍትሐብሔር ክስ ተከፍቷል እንበል። ዋናው ጉዳይ ከመሰማቱ በፊት ዳኛው «ይህን ሰነድ ለባላጋራህ ስጥ» ወይም «ያንን ሰነድ ማየት አትችልም» ብለው ያዛሉ። በትዕዛዙ ያልተስማማው ወገን የት ይሄዳል? አጭሩ መልስ «የትም አይሄድም» ነው። ረጅሙ መልስ ደግሞ ምሽታችንን ይወስድብናል።

በኢትዮጵያ ችሎት ለቆማችሁ ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በአንቀጽ 320 ንዑስ አንቀጽ 3 በክርክሩ መካከል በሚሰጥ ትዕዛዝ ላይ ይግባኝ ማለትን ይከለክላል። ቀጠሮ መስጠትም ሆነ መንፈግ፣ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ፣ የሰው ወይም የሰነድ ማስረጃ ተቀባይነት፣ በደሃ ደንብ፣ ማለትም የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍሉ፣ መክሰስ፣ ሁሉም የመጨረሻውን ፍርድ ይጠብቃሉ። ቅሬታው ከፍርዱ ጋር ተደርቦ ይቀርባል። ንዑስ አንቀጽ 4 ጥቂቶቹን ብቻ ከዚህ ያወጣል፤ ሰው እንዲታሰር የተሰጠ ትዕዛዝ፣ ንብረት ከአንዱ ተከራካሪ እጅ ወደ ሌላው እንዲዛወር የተሰጠ ትዕዛዝ፣ አካልን ነጻ ለማውጣት በቀረበ አቤቱታ ላይ የተሰጠ ትዕዛዝ። የአሜሪካውም መሠረተ ሐሳብ ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልዩነቱ ያለው ማስረጃ በሚሰበሰብበት መንገድ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ከሳሽ የማስረጃ ዝርዝሩን ከክሱ ጋር አያይዞ ያቀርባል፤ በሌላ ሰው እጅ ያለ ሰነድ ሲያስፈልገው ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብለት ያመለክታል። እዚህ አሜሪካ ግን የፌዴራሉ የፍትሐብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ሥራ ላይ ከዋለበት ከ1938 ወዲህ ተከራካሪዎች በሕግ ኃይል አንዱ የሌላውን ጓዳ ይበረብራሉ። አንዱ ወገን ለሌላው 25 የጽሑፍ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል። እስከ 10 የሚደርሱ ሰዎችን ከችሎት ውጭ አስቀምጦ፣ በቃለ መሐላ አስምሎ፣ እያንዳንዱን ለአንድ ቀን እስከ ሰባት ሰዓት መጠየቅ ይችላል። ኢሜይል፣ የስልክ መልእክት፣ የሒሳብ መዝገብ፣ የሕክምና ካርድ፣ የሠራተኛ ፋይል፣ ከክርክሩ ጋር የተያያዘና ለክርክሩ ክብደት የሚመጥን እስከሆነ ድረስ ሁሉም ይጠየቃል። ዳኛው የሚገቡት ተከራካሪዎቹ ሲጣሉ ነው። መጣላታቸው ደግሞ አይቀርም።

ስለዚህ ያው አንድ ደንብ እዚህ በጣም ይከብዳል። በኢትዮጵያ «ማስረጃው ተቀባይነት የለውም» የሚል ብይን በአንድ ሰነድ ላይ ይሰጥ ይሆናል። እዚህ በአንድ ትዕዛዝ የአንድ ድርጅት የአሥር ዓመት ደብዳቤ ሊገለጥ፣ ወይም ለዘለዓለም ተሸፍኖ ሊቀር ይችላል። ትዕዛዙን የሚሰጡት አንድ ዳኛ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ያለ ረጅም ሐተታ ይሰጡታል።

ክልከላው የተጻፈው በፌዴራል ሕግ ጥራዝ 28 ቁጥር 1291 ነው፤ ይግባኝ የሚባለው «በመጨረሻ ውሳኔ» ላይ ብቻ ነው ይላል። ሐሳቡ የአገሪቱ የመጀመሪያው የፍርድ ቤቶች ሕግ ከወጣበት ከ1789 ጀምሮ የነበረ ነው። ምክንያቱም የሚናቅ አይደለም። በአንድ የንግድ ክርክር ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ የማስረጃ ትዕዛዞች ሊሰጡ ይችላሉ። በእያንዳንዱ ላይ ይግባኝ ቢፈቀድ ክሱ ሳይሰማ ከሳሹ ያረጃል። ገንዘብ ያለው ወገን ገንዘብ የሌለውን በሕግ ክርክር ማሸነፍ አያስፈልገውም፤ በይግባኝ ብቻ አመላልሶ ያደክመዋል። እኔ ደንቡ በጥቅሉ ትክክል ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። ጥያቄዬ የደንቡን ሸክም ማን ይሸከማል የሚለው ነው።

ምክንያቱም «ፍርዱን ጠብቅና ከዚያ ይግባኝ በል» የሚለው ምክር በማስረጃ ጉዳይ ላይ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሚከፈቱ የፍትሐብሔር ክሶች ውስጥ ለምስክርና ለፍርድ የሚደርሱት በጣም ጥቂቶቹ ናቸው፤ ብዙዎቹ በስምምነት ይዘጋሉ። ስምምነቱን የሚወስነው ደግሞ ማን ምን ሰነድ በእጁ እንዳስገባ ነው። የታረቀ ሰው ይግባኝ የለውም። ክሱ እስከ መጨረሻው ቢዘልቅ እንኳ ይግባኝ ሰሚው ዳኞች «እኛ ብንሆን እንዲህ አናዝም ነበር» ብለው ትዕዛዙን አይሽሩም። የሚሽሩት የሥር ዳኛው የተሰጣቸውን ሥልጣን አላግባብ ተጠቅመው ሲያገኟቸውና ስሕተቱም የፍርዱን ውጤት የሚነካ ሲሆን ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማስረዳት የሞከረ ጠበቃ ዳገቱን ያውቀዋል።

ታዲያ መውጫ የለም? አለ። አንደኛው መውጫ እስር ቤት ደጃፍ ላይ ነው፤ ይህንን በቀልድ አልናገርም።

በየካቲት 1943 ጄ. ኤም. ቴይለር የተባለች ጎታች ጀልባ ፊላደልፊያ አጠገብ በደላዌር ወንዝ ላይ ስትሠራ ሰጠመች። ከዘጠኙ ሠራተኞች አምስቱ ሞቱ። የጀልባዋ ባለቤቶች ክስ እንደሚመጣ ስለገባቸው ወዲያው ጠበቃ ቀጠሩ፤ ጠበቃውም በሕይወት የተረፉትን እያነጋገረ ቃላቸውን በጽሑፍ ያዘ። የሟች ወገን ከስሶ «ምስክሮቹ የነገሩህን አምጣ» ሲለው ጠበቃው እምቢ አለ። ዳኞቹ አዘዙት። አሁንም እምቢ አለ። ፍርድ ቤት በመድፈር ጥፋተኛ ተባለ፤ ትዕዛዙን እስኪፈጽም ድረስም እንዲታሰር ተወሰነበት፤ ደንበኞቹም እንዲሁ። ሂክማንና ቴይለር የተከራከሩበት ይህ ጉዳይ በ1947 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ጠበቃው አሸነፈ። ዛሬ በአሜሪካ ማንኛውም ጠበቃ ለክርክር ሲዘጋጅ የጻፈው ማስታወሻ እንደዋዛ በባላጋራው እጅ የማይገባው በዚያ ውሳኔ ምክንያት ነው።

የሕግ ተማሪዎች ጉዳዩን የሚያነቡት ስለ ጠበቃ ማስታወሻ ጥበቃ ነው። እኔ ግን የደረሰበትን መንገድ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። ያ ሰው ትዕዛዙን ፈጽሞ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው በዚያ ጊዜና በዚያ መልክ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አይደርስም ነበር። የደረሰው ለመታሰር ስለቆረጠ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ይህን መንገድ ሳይደብቅ ሲናገር ኖሯል። ኮብልዲክ በሚባለው የ1940 ጉዳይም ሆነ ራያን በሚባለው የ1971 ጉዳይ መልእክቱ አንድ ነው፦ ትዕዛዙን መቃወም የፈለገ ሰው አልፈጽምም ይበል፣ ይቀጣ፣ ከዚያም በቅጣቱ ላይ ይግባኝ ይበል። ከተሸነፈ ቅጣቱ ይጸናበታል።

እዚህ ላይ የባሰ ነገር አለ። እምቢ ያለው ሰው የክርክሩ ተካፋይ ካልሆነ፣ ለምሳሌ ሰነድ እንዲያመጣ የተጠራ ባንክ ወይም ምስክር ከሆነ፣ ሲቀጣ ወዲያው ይግባኝ ማለት ይችላል። ራሱ ተከራካሪ ከሆነና ቅጣቱ እንዲፈጽም ለማስገደድ የተጣለ ከሆነ ግን አሁንም የመጨረሻውን ፍርድ እንዲጠብቅ ይነገረዋል። በወንጀል መልክ ሲቀጣ ነው በሩ የሚከፈትለት። በደንብ ቁጥር 37 መሠረት ደግሞ ዳኛው በገንዘብና በእስር ብቻ አይወሰኑም፤ የተከራከረበትን ፍሬ ነገር እንደተረጋገጠ ሊቆጥሩበት፣ መከላከያውን ሊሰርዙበት፣ ክሱን ሊዘጉበት ይችላሉ። ክሱ ሲዘጋ በእርግጥ የመጨረሻ ውሳኔ ተገኘ ማለት ነው፤ ይግባኝ ይፈቀዳል። መድኃኒቱ የሚገኘው ሁሉን ካጡ በኋላ ነው።

ሰነዱ በሌላ ሰው እጅ ቢሆንስ? የእኔን ምስጢር የያዘው የቀድሞ የሒሳብ ሠራተኛዬ ቢሆን፣ ለእኔ ሲል ታስሮ ይከራከርልኛል ብዬ አልጠብቅም። ፐርልማን የሚባለው የ1918 ውሳኔ ለዚህ መልስ ሰጥቷል፦ ሰነዱ ለእኔ ሲል ሊቀጣ በማይፈልግ ሦስተኛ ወገን እጅ ከሆነ፣ ባለመብቱ ራሱ ወዲያው ይግባኝ ማለት ይችላል። ይህ መንገድ ጠባብ ነው፤ ዛሬ ምን ያህል እንደቀረለትም ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች አይስማሙም፤ ነገር ግን አለ።

አሁን ብዙ ወደሚያከራክረው እመጣለሁ። በ1949 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ኮኸን በሚባለው ጉዳይ፣ በጣም ጥቂት የመሐል ትዕዛዞች እንደ መጨረሻ ውሳኔ ሊቆጠሩ ይችላሉ ብሎ ነበር፤ ጥያቄውን ቁርጥ አድርገው የሚወስኑ፣ ከዋናው ክርክር የተለየና ክብደት ያለው ነገር የያዙ፣ ፍርዱ እስኪመጣ ቢጠበቅ ደግሞ ሊታረሙ የማይችሉ ከሆኑ። ጠበቆች ለዓመታት አንድ ጥያቄ አነሡ፦ የጠበቃና የደንበኛ ምስጢር ይገለጥ የሚል ትዕዛዝ ከዚህ በላይ ምን ይገጥመዋል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ አይደለምን?

መልሱ የመጣው በታኅሣሥ 2009፣ ሞሃውክ በሚባለው የምንጣፍ አምራች ኩባንያ ጉዳይ ነው። የኩባንያው የፈረቃ ተቆጣጣሪ የነበረ ሰው፣ ድርጅቱ የሥራ ፈቃድ የሌላቸውን ሰዎች እንደሚቀጥር ለሰው ኃይል ክፍል አመለከተ። ኩባንያው በዚያው ዓይነት ክስ በሌላ መዝገብ እንደተከሰሰ ሰውየው አያውቅም ነበር። የኩባንያው ጠበቃ ጠርቶ አነጋገረው፤ ሰውየው እንደሚለው ቃሉን እንዲያነሣ ተጫነው፤ እምቢ ሲል ከሥራ ተባረረ። ከስሶም የዚያን ንግግር ዝርዝር ጠየቀ። የሥር ዳኛው ኩባንያው በሌላው መዝገብ ስለ ንግግሩ ራሱ ስላነሣ የምስጢር መብቱን ትቷል ብለው እንዲገለጥ አዘዙ። ኩባንያው ይግባኝ አለ።

ዳኛ ሶኒያ ሶቶማዮር ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከገቡ በኋላ የጻፉት የመጀመሪያ ውሳኔ ይህ ነው፤ ማንም በውጤቱ አልተቃወመም። ይግባኝ አይፈቀድም አሉ። ምስጢሩ በስሕተት ተገልጦ ከሆነ ይግባኝ ሰሚው ኋላ ፍርዱን ሽሮ፣ ምስጢሩ የማይነሣበት አዲስ ክርክር እንዲካሄድ ማዘዝ ይችላል የሚል ነው መልሳቸው።

ይህ መልስ እኔን አያሳምነኝም። ባላጋራህ ከጠበቃህ ጋር ያወራኸውን ካነበበ በኋላ አዲስ ክርክር ቢታዘዝ፣ ያነበበውን ከአእምሮው የሚያወጣለት ትዕዛዝ የለም። የት እንደሚቆፍር አውቋል። ይሁን እንጂ ውሳኔው ከመልሱ ይሻላል እላለሁ። በሞሃውክ ጉዳይ ምስጢሬ ተነካ ብሎ የጮኸው ኩባንያው ነው፤ ጉዳዩ በይግባኝ ሲጓተት የሚጎዳው የተባረረው ሠራተኛ ነው። የምስጢር መብት ተነካ ባዩ ሁልጊዜ ደካማው ወገን አይደለም። እንዲያውም ብዙ ሰነድ ያለው ብዙ ምስጢር አለው።

በዚያው ውሳኔ ዳኛዋ ሌሎች በሮችን ጠቁመዋል፤ አንዱ ማንዳመስ ነው። ማንዳመስ ይግባኝ አይደለም፤ የበላይ ፍርድ ቤት የሥር ዳኛውን «ከሥልጣንህ ወሰን ወጥተሃልና ተመለስ» ብሎ የሚያዝበት ጥንታዊ መሣሪያ ነው። የሚሰጠው ሌላ መፍትሔ ለሌለው፣ መብቱም ግልጽና የማያጠራጥር ለሆነ አመልካች ነው፤ ከዚያም ፍርድ ቤቱ መስጠቱ ተገቢ መስሎ ሲታየው። በ1964 አንድ የአውቶቡስ ሾፌር በዚህ በር ገብቷል። ኢንዲያና ውስጥ አውቶቡሱ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጭቶ ክስ ሲመጣ፣ ዳኛው ሾፌሩ በሐኪሞች፣ በአእምሮ ሐኪሞችም ጭምር፣ ዘጠኝ ምርመራ እንዲደረግለት አዘዙ። የጠየቁት ወገኖች እንኳ ዘጠኝ አላሉም ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰው መኪና ስላጋጨ ብቻ አእምሮው አይመረመርም፣ የጤናው ሁኔታ በእርግጥ አከራካሪ መሆኑና በቂ ምክንያት መኖሩ ይታይ ብሎ ትዕዛዙን አነሣው።

ሾፌሩ በገባበት በር ከአርባ ዓመት በኋላ የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ገቡ። ዲክ ቼኒ በ2001 የመሩት የኃይል ፖሊሲ ቡድን ከኩባንያ ሰዎች ጋር ምን እንደተነጋገረ ለማወቅ ሁለት ድርጅቶች ከሰሱ፤ የሥር ዳኛው ሰነድ እንዲሰጣቸው ፈቀዱ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ማንዳመስ አልሰጥም አለ፦ መጀመሪያ ሰነድ በሰነድ እየለዩ ይህ ምስጢር ነው ይበሉ፤ ከዚያ እናያለን። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2004 በሰባት ለሁለት ድምፅ ይህን አልተቀበለም። ሥራ አስፈጻሚው አካል ያን ሸክም እንዲሸከም አይገደድም ብሎ ጉዳዩን መለሰው፤ ክሱም በሚቀጥለው ዓመት ተዘጋ። በነገራችን ላይ ጉዳዩ ገና ሳይወሰን ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ከምክትል ፕሬዚዳንቱ ጋር ዳክዬ አደን ሄደው ነበር። ከችሎቱ ይነሡ ሲባሉ እምቢ ብለው 21 ገጽ ጻፉ። እኛ አገር እንዲህ ያለ ዳኛ ቢኖር ምን እንደምንል ለእናንተ እተወዋለሁ።

ሾፌሩና ምክትል ፕሬዚዳንቱ በአንድ በር ገቡ ብዬ ብናገርም በሩ ለሁሉም እኩል ሰፊ አይደለም። ከሁለቱ መካከል፣ በ1976፣ የካሊፎርኒያ ማረሚያ ቤት ባለሥልጣናት የሠራተኞቻቸው ፋይል እንዳይታይ በዚሁ መንገድ ሞክረው ነበር፤ ዳኛው ሰነዶቹን ለብቻቸው ሊያዩ ይችላሉና ገና መፍትሔ አላችሁ ተብለው ተመለሱ። ከሞሃውክ በኋላም ትልልቅ ኩባንያዎች ማንዳመስ አግኝተዋል። ኬሎግ ብራውን ኤንድ ሩት የተባለው የጦር ሠራዊት ሥራ ተቋራጭ በ2014 የውስጥ ምርመራ ሰነዶቹን በዚህ መንገድ አትርፏል፤ ውሳኔውን የጻፉት ኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ብሬት ካቫኖ ናቸው።

ሌላው በር በ1958 ኮንግረስ የከፈተው ቁጥር 1292 ንዑስ ቁጥር ለ ነው። የሥር ዳኛው ራሳቸው «ይህ ትዕዛዜ ወሳኝ የሕግ ጥያቄ አለበት፣ በጥያቄው ላይ የረባ የሐሳብ ልዩነት አለ፣ አሁን ቢወሰን ክሱን ያፋጥናል» ብለው መመስከር አለባቸው። አመልካቹ በ10 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚው ያቀርባል፤ ያም ፍርድ ቤት ፈቃደኛ መሆን አለበት። ሁለቱም እሺ ካላሉ ነገሩ አበቃ። የማስረጃ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የፍሬ ነገር ጥያቄ ስለሆነ በዚህ በር የሚያልፈው ጥቂት ነው።

ካለፉት ጥቂቶች አንዱን ግን በዚህ አገር በስደት የሚኖር ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። በካሊፎርኒያ፣ ፍሬስኖ ከተማ፣ ኒብኮ በሚባል ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ 23 ሴቶች፣ ከላቲን አሜሪካና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጡ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ የተዘጋጀ ፈተና ተሰጣቸው። ፈተናው ከበዳቸው፤ ኋላም ሁሉም ከሥራ ተሰናበቱ። በትውልዳችን ምክንያት አድልዎ ተፈጸመብን ብለው ከሰሱ። ከከሳሾቹ አንዷ በቃለ መሐላ ስትጠየቅ የኩባንያው ጠበቃ የት ተወለድሽ፣ የት አገባሽ ማለት ጀመረ። ጠበቃዋ ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ገባው፤ ወደ መኖሪያ ፈቃድ ነው። መልስ እንዳትሰጥ ከልክሎ ምርመራውን አስቆመና እንዲህ ያለው ጥያቄ እንዲቀር የሚያደርግ የመከላከያ ትዕዛዝ ጠየቀ፤ ተፈቀደለትም። ኩባንያው በዚያ ትዕዛዝ ላይ ይግባኝ ሲጠይቅ የሥር ፍርድ ቤቱ ምስክርነቱን ሰጠ። ዘጠነኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2004 ትዕዛዙን አጸና። የመኖሪያ ፈቃድ እንዲህ በቀላሉ የሚመረመር ከሆነ፣ ፈቃድ ያለው ሰው እንኳ የዘመዶቹን ነገር ፈርቶ መብቱን ከመጠየቅ ይቀራል አለ። ከሥራ አሠሪያችሁ ጋር ክርክር ገጥሟችሁ «ወረቀትህን እጠይቅሃለሁ» የሚል ማስፈራሪያ ቢሰነዘርባችሁ፣ ለጠበቃችሁ የሪቬራና የኒብኮን ጉዳይ አንሡለት።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ደርሻለሁ። እስካሁን ያነሣኋቸውን በሮች መለስ ብላችሁ እዩአቸው። እምቢ ብሎ መቀጣት፣ ሦስተኛ ወገን በያዘው ሰነድ ላይ መከራከር፣ ማንዳመስ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግሉት «ስጥ» የተባለውን ወገን ነው። «አይሰጥህም» የተባለውስ? እርሱ እምቢ ሊል አይችልም፤ እንዲፈጽመው የታዘዘ ነገር የለማ! ለመታሰር ቢቆርጥ እንኳ የሚያስረው የለም። በሕግ መጽሔት ላይ ስለ ምስጢር መብትና ስለ ይግባኝ ብዙ ይጻፋል፤ ስለዚህኛው ሰው የሚጻፈው ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ማን ነው? በአድልዎ ከሥራ የተባረረች፣ የሌሎች ሠራተኞችን ደመወዝ ሳታይ አድልዎውን ማስረዳት የማትችል ሴት ናት። ማስረጃው ሁሉ በአሠሪዋ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ዳኛው «የጠየቅሽው በዝቷል፣ ለክርክሩ አይመጥንም» ካሉ ትጠብቃለች። ቀጥሎ አሠሪው «ማስረጃ የላትም፣ ያለ ምስክር ፍርድ ይሰጠኝ» ይላል። ይሰጠዋል። ያ የመጨረሻ ፍርድ ነው፤ አሁን ይግባኝ ትላለች። ይግባኝ ሰሚው ደግሞ ይጠይቃታል፦ የተከለከልሽው ሰነድ ውጤቱን ይለውጥ እንደነበር አሳዪን። አይታው የማታውቀውን ሰነድ!

ለዚህ ያለው መከላከያ ደንብ ቁጥር 56 ንዑስ ቁጥር መ ነው። ያለ ምስክር ፍርድ ሲጠየቅ ከሳሿ በቃለ መሐላ የተደገፈ ጽሑፍ አቅርባ ምን ዓይነት ፍሬ ነገር እንደሚያስፈልጋት፣ በማን እጅ እንዳለ፣ ለምን እስካሁን እንዳላገኘችው፣ ቢገኝም ክርክሩን እንዴት እንደሚለውጥ በዝርዝር መግለጽ አለባት። «ተጨማሪ ጊዜ እፈልጋለሁ» ብቻ ማለት ዋጋ የለውም። ይህ ጽሑፍ በመዝገቡ ውስጥ ካለ፣ ያየነው ሁሉ በር ለተዘጋባት ከሳሽ የይግባኝ መሠረት ይሆናታል፤ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶችም ማስረጃ የመሰብሰብ ዕድል ሳይሰጥ የተሰጠ ፍርድን የሚሽሩበት ጊዜ አለ። ጽሑፉ ከሌለ ለይግባኝ ሰሚው የሚታይ ነገር የለም። ከአሜሪካ ሥነ ሥርዓት አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ የአሠራር ነገር ልጨምር። በብዙ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የማስረጃ ጠብ የሚሰማው በማጅስትሬት ዳኛ ነው፤ ማጅስትሬቱ የዕድሜ ልክ ሹመት ላላቸው ለዋናው ዳኛ ረዳት ናቸው ማለት ይቻላል። በደንብ ቁጥር 72 መሠረት በእርሳቸው ትዕዛዝ ላይ በ14 ቀን ውስጥ ለዋናው ዳኛ መቃወሚያ ይቀርባል። ዋናው ዳኛ የሚያነሡት ግልጽ ስሕተት ወይም የሕግ ጥሰት ካዩ ነው። ብዙ ጠበቃ ዕድሉ ትንሽ ነው ብሎ ይተወዋል። ነገር ግን በ14 ቀን ውስጥ ያልተቃወመ ሰው ከዓመታት በኋላ በይግባኝ ላይ ያን ስሕተት ማንሣት አይችልም። ለተራው ተከራካሪ በጊዜ የሚደረስበት ብቸኛው እውነተኛ ይግባኝ ይህ ነው፤ ስሙ ግን ይግባኝ አይደለም።

የግዛት ፍርድ ቤቶች ሌላ ዓለም ናቸው፤ በዝርዝር አልገባበትም። ኒው ዮርክ በክርክር መካከል በሚሰጡ ትዕዛዞች ላይ ይግባኝን በሰፊው ትፈቅዳለች፤ የማስረጃ ትዕዛዝም ብዙ ጊዜ ወዲያው ወደ ላይ ይወጣል። ቴክሳስ በማንዳመስ ትሠራለች፤ በ1992 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ምስጢር ያለበት ሰነድ ይገለጥ ሲባል ኋላ የሚመጣ ይግባኝ በቂ መፍትሔ አይሆንም ብሏል። ስለዚህ ክሱ በየትኛው ፍርድ ቤት እንደተከፈተ ሳታውቁ ምክር አትስጡ።

የመጨረሻው ነገር ከአዲስ አበባ ለመጡት ባልደረቦቼ ነው። የፌዴራል ሕግ ጥራዝ 28 ቁጥር 1782 በውጭ አገር ፍርድ ቤት ክርክር ያለው ሰው በአሜሪካ የሚገኝን ሰው ወይም ድርጅት ሰነድ እንዲሰጥ ወይም ቃሉን እንዲሰጥ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ማስገደድ እንዲችል ይፈቅዳል። ልደታ በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የውርስ ወይም የአክሲዮን ክርክር ያለበት ሰው፣ ሰነዱ ሜሪላንድ በሚኖር ወንድሙ ወይም ቴክሳስ ባለ ኩባንያ እጅ ከሆነ፣ በዚያ አካባቢ ላለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ዳኛው የመፍቀድ ግዴታ የለባቸውም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2004 በኢንቴል ጉዳይ ምን ምን እንደሚመዝኑ ዘርዝሯል። በ2022 ደግሞ ሕጉ ለግል የንግድ ግልግል እንደማያገለግል ወስኗል፤ ስለዚህ የግልግል ጉባኤ ይዛችሁ አትምጡ።

በዚህ መንገድ የሚሰጥ ትዕዛዝ ይግባኝ አለው። ምክንያቱም በአሜሪካው ፍርድ ቤት ያለው ጉዳይ የሰነዱ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እርሱ ሲወሰን መዝገቡ ይዘጋል፣ ትዕዛዙም የመጨረሻ ይሆናል። የተፈቀደበትም የተከለከለውም በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። የአሠሪዋን ሰነድ የተከለከለችው የዋሽንግተን ሠራተኛ የሌላትን ይግባኝ የልደታው ተከራካሪ አለው። ነገር ግን ይግባኝ መጠየቅ ብቻውን ትዕዛዙን አያግድም። ሰነድ ስጥ የተባለ ደንበኛ ካላችሁ፣ ከይግባኙ ማስታወቂያ ጋር የእግድ ማመልከቻውንም በዚያው ቀን አስገቡ፤ መጀመሪያ ለሥር ዳኛው፣ ካልተሳካ ለይግባኝ ሰሚው። እግዱ እስኪመጣ የተሰጠ ሰነድ አውሮፕላን ተሳፍሮ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ እዚያ በችሎት የቀረበን ሰነድ እንዲያስመልስ ማዘዝ ደግሞ የአሜሪካ ዳኛ ሥልጣን አይደለም።

አሁን ጥያቄያችሁን እሰማለሁ።